ማንበብ የከበደው ልጅ፣ የመቶ መጻሕፍት ሠዓሊ

የአንበሳውንና የአይጧን ተረት የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አንበሳው እጁ የገባችውን ትንሽ አይጥ ምሮ ይለቃታል፤ በኋላ እሱ በወጥመድ ሲያዝ እሷ ገመዱን በጥርሷ ቆርጣ ታድነዋለች። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄሪ ፒንክኒ ይህንን ተረት እ.ኤ.አ. በ2009 አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ በሥዕል ብቻ ተረከው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ የእንስሳቱ ድምፅ ነው፤ የጉጉቷ ጩኸት፣ የአይጧ ሲጥታ፣ የአንበሳው ግሳት። በፊት ሽፋኑ ላይ ርዕስ እንኳ የለም፤ ገጹን ሞልቶ የሚታየው የአንበሳው ፊት ነው። እኛ በማርኬቲንግ ሙያ ያለን ሰዎች ስም የሌለው ሽፋን ቢቀርብልን ቶሎ እሺ የምንል አይመስለኝም። መጽሐፉ ግን በ2010 ለአሜሪካ የሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍት የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት፣ የካልዴኮት ሜዳሊያን አገኘ። ፒንክኒ ያን ጊዜ 70 ዓመቱ ነበር። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያለ ቃል ተረት የነገረን ይህ ሰው በልጅነቱ ከፊደል ጋር ሲታገል ያደገ ነው። ልጃቸው ማንበብ ያስቸገረው ወላጆች ታሪኩን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ስም ያልተሰጠው ችግር

ጄሪ ፒንክኒ በ1939 በፊላዴልፊያ ከተማ፣ ጀርመንታውን በሚባለው ሰፈር ተወለደ። ለቤቱ ከስድስት ልጆች አራተኛው ነው። አባቱ በቀለም ቅብና በቤት ጥገና የሚተዳደሩ የእጅ ባለሙያ ነበሩ። ታላላቅ ወንድሞቹ ከኮሚክ መጻሕፍትና ከመጽሔት ፎቶዎች እያዩ ይሥሉ ስለነበር እሱም ገና በአራት ዓመቱ ገደማ እነሱን እያየ እርሳስ ያዘ።

ትምህርት ቤት ሲገባ ማንበብና ቃላትን በትክክል መጻፍ ከበደው። ዛሬ ችግሩ ዲስሌክሲያ ተብሎ ይታወቃል። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ሰነፍ ወይም አእምሮው ደካማ አይደለም፤ ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ከሌሎች ልጆች ይልቅ ጊዜና ልፋት ይጠይቀዋል። በዚያን ዘመን ግን ነገሩ እምብዛም አይታወቅም ነበርና ፒንክኒ የችግሩን ስም ያወቀው አዋቂ ከሆነ በኋላ ነው። በክፍል ውስጥ አንገቱን ቀና የሚያደርገው ሲሥል ብቻ ነበር። በጽሑፍ ማሳየት ያቃተውን በሥዕል ያሳይ ነበር።

ጋዜጣ መሸጫው

በ12 ዓመቱ ጋዜጣ መሸጫ ውስጥ ተቀጠረ። ደንበኛ በሌለ ጊዜ ወረቀቱን አውጥቶ መንገደኛውን ይሥላል። ከደንበኞቹ አንዱ ጆን ላይኒ የሚባል፣ በጋዜጣ የሚወጣ የካርቱን ሠዓሊ ነበር። ላይኒ የልጁን ሥራ አይቶ ዝም ብሎ አላለፈም፤ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ጋበዘው፣ የሥዕል ዕቃም ሰጠው። ልጁ ሥዕል እንጀራ ሊሆን እንደሚችል በዓይኑ ያየው በዚያ ነው።

ከዚያ በሙያ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በከተማው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማረ። በ1960 ከግሎሪያ ጋር ተጋባ። ትዳር ይዞ ልጅ ሲመጣ ታዋቂ እስኪሆን አልጠበቀም፤ ቦስተን አካባቢ በሚገኝ የመልካም ምኞት ካርድ አምራች ድርጅት ውስጥ በሠዓሊነት ሠራ። የመጀመሪያ መጽሐፉን በሥዕል ያስጌጠው በ1964 ሲሆን፣ እሱም የምዕራብ አፍሪካ ብልህ ሸረሪት ተረቶች ስብስብ ነው።

አንበሳ ለመሣል አንበሳ መሆን

የፒንክኒ ሥራ በእርሳስ ንድፍ ይጀምራል፤ በላዩ የውሃ ቀለም ይፈስበታል። ቀለሙ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከሥሩ የእርሳሱ ጭረት ይታያል። ሰው ሲሥል የሚመስሉትን ሰዎች ይፈልጋል፤ እሱና ባለቤቱ ቁም ሳጥን ሞልተው ካስቀመጡት የድሮ ልብስ አልብሶ ታሪኩን እንዲተውኑት ያደርጋል፣ ከዚያ ፎቶ ያነሳቸዋል። ስለ እንስሳትና ስለ ተፈጥሮ ከመቶ በላይ መጻሕፍት ነበሩት። እንስሳ ለመሣል ሲነሳ መጀመሪያ ራሱ ያንን እንስሳ ሆኖ ያስባል፦ ምን ያህል ነኝ? እንዴት እራመዳለሁ? የት እኖራለሁ? አንዳንዴ የእንስሳውን አቋም እሱ ራሱ እየሠራ ፎቶ ይነሳ ነበር።

ሌላም ያሳሰበው ነገር ነበር። በልጅነቱ ባያቸው መጻሕፍት ውስጥ እሱን የሚመስል ልጅ ብዙም አልነበረም። ስለዚህ በ2007 የአውሮፓውያኑን ተረት፣ ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ ሲሠራ፣ በበረዶ ውስጥ ወደ አያቷ የምትሄደውን ልጅ ጥቁር አሜሪካዊት አደረጋት። ተረቱ ያው ነው፤ ቤቷ ሆና የምታነብ ጥቁር ልጅ ግን ራሷን በመጽሐፉ ውስጥ አገኘች። አሜሪካ የጥቁር ታዋቂ ሰዎችን የምታስታውስበት የቴምብር ተከታታይም በ1978 ሲጀመር፣ የመጀመሪያውን የሃሪየት ተብማን ቴምብር የሣለው እሱ ነው።

ከሜዳሊያው በፊት ለካልዴኮት አምስት ጊዜ የክብር እውቅና አግኝቶ ነበር። ሲያሸንፍም ብቻውን በሠራው ሥራ ሜዳሊያውን የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ።

የቤተሰብ ሙያ

ግሎሪያ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ሆነች፤ ከባሏ ጋርም አብራ ሠርታለች። ልጃቸው ብራያን የመጻሕፍት ሠዓሊ ነው፤ የብራያን ባለቤት አንድሪያ ደግሞ ደራሲ ናት። ጄሪ ፒንክኒ ከመቶ በላይ መጻሕፍትን ሠርቶ በጥቅምት ወር 2021 በ81 ዓመቱ አረፈ። ማንበብ ከብዶት ያደገው ልጅ የገዛ ታሪኩን የጻፈበት መጽሐፍ በ2023 ታተመ።

ለእኛ ቤት

ቃል የሌለው የሥዕል መጽሐፍ ጥሩ ጎን አለው፦ ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም ልጅ እኩል ተራኪ ይሆናል። እናንተ ከማንበብ ይልቅ አድማጭ ሁኑ። «እዚህ ገጽ ላይ ምን ሆነ?»፣ «አንበሳው ለምን ለቀቃት?»፣ «ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» እያላችሁ ጠይቁ። ልጁ በየምሽቱ ተረቱን ቢቀይረው አታርሙት፤ የታሪክን መነሻና መድረሻ የሚለማመደው እንደዚያ ነው።

ልጃችሁ ከእኩዮቹ ይልቅ ፊደል ለመለየት ወይም ለማንበብ በጣም ቢቸገር ከመቆጣት በፊት መምህሩን አነጋግሩ፤ ካስፈለገም ባለሙያ ይየው። ለማንበብ ጊዜ ያገኛል ብላችሁ የሚወደውን ሥዕል ወይም ሌላ ሙያ አታስቆሙት። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሲሥል ስታገኙትም እንደ ጆን ላይኒ ቆም ብላችሁ እዩለት፣ ምን እንደሆነም ጠይቁት።