ላልፈለጉት ሥርዓት መክፈል፦ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዙ ሊታወቅ የሚገባው

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ አርሶ አደር «ሞፈርና ቀንበሩን አብረህ ካልገዛህ አልሸጥልህም» ቢባል ነገሩን በዝምታ አያልፈውም። በኮምፒውተር ገበያ ግን ይህን መሰሉ አሠራር የተለመደ ነው። በአዲስ አበባ ሀና ማርያም የሚኖር ነዋሪም ሆነ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ የገጠር ወላጅ አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ለተጫነው ዊንዶውስም ጭምር ይከፍላል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። አምራቾች ለማይክሮሶፍት የፈቃድ ክፍያ ይፈጽሙና ወጪውን በማሽኑ ዋጋ ውስጥ ያካትቱታል። ክፍያው በደረሰኝ ላይ ተለይቶ ስለማይሰፍር ገዥው መጠኑን አያውቅም። እንደ ኡቡንቱ ያለውን በነፃ የሚገኝ የሊኑክስ ሥርዓት ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ይህ ወጪ ፋይዳ የለውም።

ጉዳዩ በሌሎች አገሮች እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። የጣሊያን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ኮምፒውተሩን ይዞ ሥርዓቱን ላልፈለገ ገዥ የፈቃዱ ዋጋ እንዲመለስለት ወስኗል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በበኩሉ በ2016 ሥርዓት የተጫነበትን ኮምፒውተር መሸጥ በራሱ ኢፍትሐዊ የንግድ ተግባር እንዳልሆነ በይኗል።

በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና አማርጦ የመግዛት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው። ገዥው ተመሳሳይ ማሽን ያለ ዊንዶውስ ወይም ከሊኑክስ ጋር ይገኝ እንደሆነ፣ የዋጋ ልዩነቱም ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። ዊንዶውስን የማይፈልግ ሰው ማሽኑን መጀመሪያ ሲከፍት የሚመጣውን የፈቃድ ውል ከመቀበሉ በፊት ስለ ተመላሽ ገንዘብ ሻጩን ወይም አምራቹን ማነጋገር ይኖርበታል። በውሉ መሠረት የመመለሻው ሁኔታ በአምራቹ ወይም በጫኙ ደንብ ይወሰናል፤ ማሽኑን ጭምር መመለስ ሊያስፈልግም ይችላል።

ያለ ሥርዓት በርካሽ ተገዝቶ ፈቃድ የሌለው ቅጂ የሚጫንበት ኮምፒውተር ግን መፍትሔ አይሆንም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሲሆን፣ የተሰበረ ቅጂም የቫይረስ መግቢያ ሊሆን ይችላል። ወጪ መቀነስ ለሚሻ ሰው ሕጋዊውና ነፃው አማራጭ ሊኑክስ ነው። ከመወሰኑ በፊት ግን ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች በሊኑክስ የሚሠሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይገባዋል።