ካርታው ሲዞር ዕዳው አይዞርም

ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር አዳማ ላይ ቤት ሠርቶ ሲገባ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ያስባል፦ «መንገድ ነው፣ አይታወቅም፤ ቤቱ በሚስቴ ስም ይሁን»። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል ኑዛዜ ሳይተው ቢሞት ሚስት ወራሹ አይደለችም፤ ወራሾቹ ልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ወላጆቹ ናቸው። ለእሷ የሚቀራት ከጋራው ንብረት የራሷ ግማሽ ነው።

ያቺ ግማሽ ግን ካርታው ላይ ስሟ ባይኖርም የሷ ናት። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንድ ተጋቢ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቱና ሻሸመኔ የሚዳኙት በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 ነው፤ እሱም በብዙው የፌዴራሉን ዱካ ይከተላል። የአንቀጹ ቁጥር ሊለያይ ስለሚችል ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት የክልሉን ሕግ ገልጦ ማየት ይሻላል።

ስመ ሀብት ማዛወር እንግዲህ የቀረውን ግማሽ መስጠት ነው። ሰዉን የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው፤ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚዋዋሉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም (በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 73)። ሕጉ ጥርጣሬ አለበት፦ አንዱ ሌላውን ተጭኖ ይሆን? ወይስ ሁለቱ ተስማምተው ንብረት ከባለገንዘብ እያሸሹ? ማዘጋጃ ቤት ተሰልፎ ውሎ «የፍርድ ቤት ማጽደቂያ አምጡ» ተብሎ ከመመለስ ቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ቤቱ በብድር የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ መዝገብ አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ቤቱ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ የባንኩ ማኅደር ገንዘቡን ማን እንደወሰደ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መያዣው ነው። መያዣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቤቱ ባለበት መዝገብ ካልገባ ዋጋ የለውም፤ ከገባ ግን የባለቤቱ ስም ቢለወጥም ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። «ከዕዳና እገዳ ነፃ» የሚለው ወረቀት የሚጠየቀውም ለዚህ ነው፤ ብድር ያለበት ቤት ይህን ወረቀት አያገኝም፤ የባንኩ ፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ባንኩ ምን ይላል? ገንዘቡን ያበደረው የሹፌሩን ገቢ አይቶ ነው። የሚስትየው ገቢ ወርሃዊ ክፍያውን የሚችል ከሆነ በስሟ አዲስ ውል ሊያዋውል ይችላል፤ ካልሆነ ብድሩ ይዘጋ ሊል ይችላል። ስሙ ቢዛወር እንኳ አበዳሪው በግልጽ እስካልለቀቀው ድረስ ተበዳሪው ያው ባልየው ነው። ይህን ነው ሰው የማይሰማው። ፍቺ ላይ «ቤቱ ለሷ፣ ዕዳውም ለሷ» ብለው ቢስማሙ እንኳ ስምምነቱ በሁለቱ መካከል እንጂ ባንኩ ላይ አይሠራም። ክፍያው ከቆመ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል። ከሽያጩ የጎደለ ካለ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው፤ ቤቱ የእሱ ባይሆንም።

ውክልና ሰጥቼ ልሂድ የሚለው መፍትሔስ? ለክፍያና ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል፤ ሹፌሩ የፈራው ደግሞ ያንኑ ቀን ነው።

ለእንዲህ ያለው ሰው ኑዛዜ የቀለለ ይመስለኛል። የባንክ ደብዳቤ አይጠይቅም፤ የተናዛዡንና የአራት ምስክሮችን ፊርማ እንጂ። መያዣው ያኔም ከቤቱ ጋር ይሄዳልና ወርሃዊ ክፍያው እንዳይቋረጥ፣ የብድር ውሉ ቅጂ ከኑዛዜው ጋር አብሮ ይቀመጥ።