ለቢሮ ስዊች ስንመርጥ

ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ስንመለስ፣ የምናውቀው ነጋዴ «የቢሮዬን ኔትወርክ ዘርጉልኝ» ማለቱ አይቀርም። ገንዘቡን አምኖ ይሰጠናልና አመራረጡን እንወቅ።

መጀመሪያ እንቁጠር። 9 ኮምፒውተር፣ 2 ፕሪንተርና 4 የጥበቃ ካሜራ ካሉ ከራውተሩ ጋር 16 መስመር ይሆናል። ባለ 16 ፖርት ስዊች በመጀመሪያው ቀን ይሞላል፤ ባለ 24 ይሻላል።

ቀጥሎ ፍጥነት ነው። ጊጋቢት ስዊች በአንድ ፖርት በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ያሳልፋል፤ የቀድሞው ዓይነት 100 ብቻ። ይህ የሚጠቅመው በቢሮው ውስጥ ፋይል ለመለዋወጥ ነው። ከኢትዮ ቴሌኮም 10 ሜጋቢት ኢንተርኔት የገዛ ሰው ምንም ስዊች ቢቀይር ከዚያ በላይ አያገኝም። ይህን ሳንደብቅ እንንገረው።

ካሜራዎቹ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርኩ ገመድ ከሆነ ፒኦኢ ያለው ስዊች እንምረጥ፤ ጠቅላላ ዋቱ ለሁሉም መብቃቱንም እንደምር። የሂሳብ ክፍሉን ከእንግዶች ዋይፋይ መለየት ካስፈለገ ቪላን የሚሠራ ማኔጅድ ስዊች ያስፈልጋል። ካላስፈለገ ተራው ይበቃል።

ከስዊቹ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው የመዳብ ገመድ ከ100 ሜትር አይብለጥ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላልና ስዊቹም ራውተሩም ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ከስዊቹ የተረፈው ብር ለዚህ ይዋል። ለሰው የሚበቃውን መርጦ መግዛት ሙያም አማናም ነው።