ድንኮቹ ስኮትላንዳዊ የሆኑበት ዓለም

በኦብሊቪየን ከተሞች መንገድ ዳር የሚቀመጥ ለማኝ በተሰበረ፣ በሚንቀጠቀጥ የአዛውንት ድምፅ ሳንቲም ይለምናል። ተጫዋቹ መጽውቶት ስለ ከተማው ወሬ ሲጠይቀው ግን ለማኙ በአፍታ ይታደስና ቁርሱን በደንብ እንደበላ ጎልማሳ ፈርጠም ብሎ ይመልሳል። ወሬው ሲያልቅ ተመልሶ ይሸመግላል።

ዘ ኤልደር ስክሮልስ 4፦ ኦብሊቪየን ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2006 ያወጣው የፋንታሲ ጌም ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፋንታሲ ስንል ሰይፍ፣ አስማት፣ ዘንዶ፣ ረጅም ጆሮ ያላቸው ኤልፎችና ጢማቸው ደረታቸውን የሸፈነ ድንኮች ያሉበት፣ በካርታ ላይ የሌለ አገር ማለታችን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ፊፋ የተጫወተ ሰው የሚያውቀው የጌም ድምፅ የኳስ ኮሜንታተሩን ነው። እዚህ ግን ተጫዋቹ መቶ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ውስጥ ገብቶ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ አስቁሞ ያናግራል። የሚናገርለት ሰው ሊገኝ የሚገባው ለንጉሡም ለእረኛውም ነው።

ከኦብሊቪየን በፊት የነበረው ሞሮዊንድ በ2002 ሲወጣ ገጸ ባሕርያቱ ሰላምታ ቢጤ ተናግረው ዝም ይላሉ፤ የቀረውን ተጫዋቹ በጽሑፍ ያነባል። ኦብሊቪየን ላይ ሁሉም በድምፅ እንዲናገር ተወሰነ። ለንጉሠ ነገሥቱ ፓትሪክ ስቲዋርት፣ ለወራሹ ሾን ቢን፣ ለዋናው ጠላት ቴሬንስ ስታምፕ ተቀጠሩ። የስቲዋርት ንጉሥ ጨዋታው እንደተጀመረ ይገደላል። የቀረውን ግዛት ጥቂት ተዋንያን ተከፋፈሉት፤ ዌስ ጆንሰን ብቻውን የአንድ ዘር ወንዶችን በሙሉ፣ ከዘበኛው እስከ ነጋዴው፣ ተሸከመ። ለማኙ ሁለት ሰው የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፦ የልመናው ቃል ለለማኞች ተብሎ በተለየ ድምፅ ተቀረጸ፣ ወሬው ግን የዘሩ ሰዎች ሁሉ የሚጋሩት ነው።

ከቁጥሩ ማነስ የባሰው ግን የአሠራሩ ነገር ነበር። ተዋንያኑ የተሰጣቸው ንግግር በፊደል ተራ የተደረደረ ነበር። የቁጣው ቃል ከስላቁ፣ የልቅሶው ከሰላምታው ጎን ለጎን ይመጣል፤ ማን ለማን፣ ከምን በኋላ እንደሚለው አይታወቅም። ከተዋንያኑ አንዷ ንግግሯ ተሳስቶባት፣ ቆይ ይህቺን ልድገማት ብላ እንደገና ስትጀምር የተቀዳው ሳይቆረጥ ጌሙ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ኦብሊቪየን በ2025 ታድሶ ሲወጣ አዳዲስ ድምፆች ቢጨመሩለትም ይህቺን ስሕተት አላነሷትም። ተጫዋቹ ወዷታል።

አንድ ሰው ብዙ ሰው ሆኖ መናገሩ በራሱ ነውር እንዳልሆነ ለአማርኛ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልግም። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው ፊታውራሪ መሸሻም፣ ጉዱ ካሣም፣ ሰብለወንጌልም ከአንድ ጉሮሮ ነው የወጡት፤ ማንም ከማንም ጋር አልተምታታም። ወጋየሁ ግን መጽሐፉ በሙሉ በእጁ ነበር። ጉዱ ካሣ ያን ቃል ለምን እንደተናገረ፣ ከመናገሩ በፊት ምን እንደደረሰበት ያውቅ ነበር። በእኔ ግምት የጌም ድምፅ የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ላይ ነው፤ የተዋናዩ ችሎታ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የተለመደው ቀረጻ ምን እንደሚመስል እንይ። ተዋናዩ ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ብቻውን ይቆማል። ፊት ለፊቱ በሰንጠረዥ የተደረደረ ንግግር አለ። የሚያናግረው ሰው የለም፤ ያ ሰው በሌላ ወር፣ ምናልባትም በሌላ አገር ይቀረጻል። ጌም ደግሞ እንደ ፊልም በአንድ መስመር አይሄድም። ተጫዋቹ ደግ ከሆነ አንድ መልስ፣ ከሰረቀ ሌላ መልስ፣ የተናጋሪውን ወንድም ገድሎ ከመጣ ደግሞ ሦስተኛ መልስ ያስፈልጋል፤ ሦስቱም አንድ ቀን ይቀረጻሉ። በመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው ዳይሬክተር ዋና ሥራው ይህን ሁሉ ለተዋናዩ ማስታወስ ነው። የተዋጣለት ዳይሬክተር ያለው ጌም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይታወቃል።

ከንግግሩ በኋላ ጩኸቱ ይመጣል። ሲመታ፣ ሲወድቅ፣ በእሳት ሲቃጠል፣ ውኃ ሲበላው የሚሰማው ድምፅ ለየብቻው ደጋግሞ ይቀረጻል። ጉሮሮ ይቀደዳል። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ሳግ አፍትራ ከጥቅምት 2016 አንስቶ ለአንድ ዓመት ያህል የጌም ኩባንያዎችን ሥራ ሲያቆም፣ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የጩኸት ቀረጻ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት አይብለጥ የሚል ነበር።

አሁን ወደ ዘዬው እንምጣ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ይህ ነው። በሌለ አገር የሚኖር ሰው በምን ዘዬ ይናገራል? የእንግሊዝኛ ጌሞች መልስ ባብዛኛው አንድ ነው፦ በብሪታንያ ዘዬ። የአሜሪካ ተጫዋች ጆሮ የእንግሊዝን አነጋገር ከጥንትና ከቤተ መንግሥት ጋር አያይዞታል። ከብሪታንያ ጋር ደግሞ የብሪታንያ የመደብ ልዩነት ሳይጠራ ይመጣል። ጠንቋዩና መኳንንቱ የተማረ የደቡብ እንግሊዝ ሰው አነጋገር አላቸው፣ ሌባውና ሽፍታው የምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ፣ ገበሬው የምዕራብ እንግሊዝ ባላገር። ድራጎን ኩዌስት 8 በጃፓን በ2004 ሲወጣ ድምፅ አልነበረውም፤ ለምዕራቡ ገበያ ድምፅ ሲጨመርለት ያንገስ የተባለው የቀድሞ ሽፍታ ወዲያውኑ የምሥራቅ ለንደን ልጅ ሆነ። ተጫዋቹ ታሪኩን ከመስማቱ በፊት ማንነቱን ገምቶታል። ይህ ለደራሲ የማይገኝ አቋራጭ መንገድ ነው፤ ስንፍና የሚሆነውም ለዚያው ነው።

ድንኮቹስ? ድንክ በጌም ውስጥ ስኮትላንዳዊ ነው፣ አለቀ። ከጀማሪዎቹ አንዱ ፖል አንደርሰን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ነው፤ በ1961 በታተመ ልቦለዱ አንድ ድንክ በስኮትላንድ አነጋገር ያወራል። በ1995 የወጣው ዋርክራፍት 2 ያንኑ ዘዬ ወሰደ፤ በ2001 ደግሞ በዌልስ ያደገው ጆን ሪስ ዴቪስ የቀለበቱ ጌታ ፊልም ላይ ጊምሊን በስኮትላንድ ዘዬ ሲጫወተው ነገሩ ሕግ ሆነ። የሚገርመው የመጽሐፉ ባለቤት ቶልኪን የድንኮቹን ቋንቋ የቀመረው ሴማዊ መልክ እንዲኖረው አድርጎ መሆኑ ነው። ቃላቱ እንደ ዕብራይስጥ፣ እንደ ዐረብኛ፣ እንደ ግዕዝ ከተነባቢ ሥር ይረባሉ። በዚህ ሒሳብ ጊምሊ ለግላስጎው ሳይሆን ለእኛ ይቀርባል።

ይህን ልማድ ሆን ብለው ካፈረሱት አንዱ የካናዳው ባዮዌር ነው። በ2009 በወጣው ድራጎን ኤጅ ውስጥ ድንኮቹም ኤልፎቹም በአሜሪካ ዘዬ ይናገራሉ፤ የፈረልደን ሰዎች እንግሊዛዊ፣ ጎረቤታቸው ኦርሌ ፈረንሳዊ ዘዬ አላቸው። ኦርሌ ፈረልደንን ገዝታ የተባረረች አገር ናትና፣ አንድ ኦርሌያዊ አፉን በከፈተ ቁጥር የቆየ ቂም አብሮ ይሰማል። በ2011 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በጫካ የሚንከራተቱት ኤልፎች የዌልስና የአየርላንድ ዘዬ ተሰጣቸው፤ ሜሪል የተባለችውን የተጫወተችው የዌልሷ ኢቭ ማይልስ ናት። መሬቱንና ቋንቋውን የተነጠቀ ሕዝብ የእንግሊዝ ጎረቤቶችን ዘዬ መያዙ ያለ ነገር አይመስለኝም። ከመጀመሪያው ክፍል ጋር አለመስማማቱ ግን እውነት ነው፤ ያው ሕዝብ በሁለት ዓመት ውስጥ አገር ቀይሯል።

ሁሉም ብድር እንዲህ አያምርም። በዋርክራፍት ዓለም ትሮል የሚባሉት ፍጡራን የጃማይካን አነጋገር እየቀዱ ይናገራሉ፤ ሥራቸው ደግሞ ጥንቆላና መተት ነው። ብዙ ተቺዎች ይህን ነቅፈውታል፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የስኮትላንዱ ድንክ ቢያንስ ጀግና ነው፤ ዘዬው የተወሰደበት ሕዝብም ሌሎች ብዙ መልኮቹን በፊልም ላይ ያያል። ጃማይካዊ ግን በጌሙ ውስጥ ራሱን የሚሰማው በዚያ ትሮል ብቻ ነው።

የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ በ2015 ዊቸር 3ን ሲያወጣ በስኬሊጌ ደሴቶች የሚኖሩትን መርከበኞች በአየርላንድ ዘዬ አናገራቸው፤ ተጫዋቹ ከጀልባ ሲወርድ ሌላ አገር መግባቱን ጆሮው ይነግረዋል። ዋናው ጀግና ጌራልት በእንግሊዝኛው ቅጂ የአሜሪካዊው ዳግ ኮክል ድምፅ ነው፣ ዝቅ ያለና ሻካራ፣ ስሜቱን የደበቀ። መጀመሪያ የሚሰማው ሰው ተዋናዩ የሰለቸው ይመስለዋል። ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ግን ከዚያ ደረቅ ድምፅ ሥር ቀልድና ርኅራኄ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

የጃፓኖቹ ነገር ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ኒ ኖ ኩኒ በተባለው ጌም ውስጥ ሺዙኩ የተባለው ትንሽ ፍጡር በጃፓንኛው ቅጂ በኦሳካ ዘዬ ይቀልዳል። ኦሳካን ወደ እንግሊዝኛ ማምጣት ስለማይቻል ስሙ ድሪፒ ሆኖ በዌልሱ ተዋናይ በስቴፋን ሮድሪ አፍ በዌልስ ዘዬ እንዲናገር ተደረገ። ዋና ከተማው የሚስቅበት፣ ራሱም በዋና ከተማው የሚስቅ የክፍለ ሀገር ሰው አነጋገር ለሌላ እንዲሁ ዓይነት አነጋገር ተለወጠ፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ብዙ አልሰማሁም። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ ከዚህ ርቆ ሄደ። ኤልደን ሪንግ የተባለው ጌሙ በ2022 ሲወጣ ጃፓን ውስጥ የሚሸጠውም ቅጂ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛውን ሥራ የሚሠራው ፍሮግኔሽን የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ተዋንያኑም ባብዛኛው በተለያዩ የብሪታንያ ዘዬዎች ይናገራሉ። ንግግሩ ጥቂት፣ ዝምታው ብዙ ነው፤ ጥቂቱን ግን በሚገባ ያደርሱታል።

በ2023 ባልደርስ ጌት 3 መጣ። ላሪያን የተባለው የቤልጂየም ኩባንያ 248 ተዋንያን አሰለፈ፤ ብዙዎቹን ድምፃቸውን ብቻ ሳይሆን የሰውነታቸውንም እንቅስቃሴ ቀረጸ። ኒል ኒውቦን የተጫወተው አስታሪየን ለሁለት መቶ ዓመት የሌላ ባሪያ ሆኖ የኖረ ቫምፓየር ነው። አነጋገሩ የተሽሞነሞነ የእንግሊዝ መኳንንት ዘዬ ነው፤ ይህም ጭምብል ነው። የጌታው ስም በተነሳ ቁጥር ሽሙንሙኑ ይሰነጠቅና ከውስጡ የፈራ ሰው ይወጣል። ያረጀው የመኳንንት ዘዬ እዚህ ቦታ ላይ ሥራ ተሰጠው። ኒውቦን በዚያው ዓመት በጌም አዋርድስ የምርጥ ተዋናይን ሽልማት ወሰደ፤ ይገባዋል።

ይህን ዓይነት ሥራ አሁን የሚያሰጋው ማሽን ነው። ጥቂት ቅጂ ሰምቶ የሰውን ድምፅ የሚያስመስለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለ ተዋናይ ሺህ ንግግር ማምረት ይችላል። ሳግ አፍትራ በሐምሌ 2024 እንደገና ሥራ ያቆመው በዚህ ጉዳይ ነበር፤ ድምፅ ለማስመሰል የባለቤቱ ፈቃድና ክፍያ እንዲያስፈልግ የሚያዘው ውል የጸደቀው በ2025 ሐምሌ ነው። ማሽኑ ዘዬ መቅዳቱን አልጠራጠርም። አስታሪየን መቼ እንደሚሰነጠቅ ግን ማን ይነግረዋል?

ይህን ሁሉ በጆሮው ማመዛዘን ለሚፈልግ አንባቢ ምክሬ አጭር ነው። ጌሙን መግዛት የማይችል ዩቲዩብ ላይ ሲጫወቱት ይመልከት። ከባልደርስ ጌት 3 ይጀምር፣ ከስር የሚሮጠውን ጽሑፍ ያጥፋው፣ ተናጋሪው ሳይጨርስም የማለፊያውን ቁልፍ አይንካ።