የድረ ገጽ ጽሑፎችን በምድብና በመለያ ቃል ስለ ማደራጀት

የአንድ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ድረ ገጽ ከፍተው ስብከቱንም መዝሙሩንም ማስታወቂያውንም እንደ መጣ ይጭኑበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት እናት፣ በሞት የተለዩ አንድ መምህር ስለ መፃጉዕ ያስተማሩትን ትምህርት ለታመሙ እኅታቸው ለማሰማት ፈልገው መጡ። ትምህርቱ በድረ ገጹ ላይ መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እንዲረዳ ተጠርቶ፣ ከወጣቶቹ ጋር ሁለት ምሽት ሙሉ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ሲያዳምጥ ቆየ። በመጨረሻ ሲገኝ ርእሱ «የእሑድ ትምህርት፣ ክፍል 2» ይላል። መለያ ቃሉ ደግሞ «መጻጉእ» ተብሎ ተጽፏል፤ እኛ የፈለግነው ግን «መፃጉዕ» ብለን ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት እንዲህ ያለው ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ አያሌ ድረ ገጾች የሚዘጋጁት ዎርድፕረስን፣ ድሩፓልንና ጁምላን በመሳሰሉ የይዘት ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች ነው። ለምሳሌ ያህል ዎርድፕረስን ብንወስድ ሁለት ዓይነት ማደራጃ አለው። አንደኛው ምድብ ሲሆን በሥሩ ንኡስ ምድቦችን ይይዛል፤ ይኸውም «ስብከት» በሚለው ሥር «ዐቢይ ጾም»፣ በዚያ ሥር ደግሞ ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ያሉትን ስምንት እሑዶች መደርደር ይቻላል ማለት ነው። ሁለተኛው በተለምዶ ታግ የሚባለው መለያ ቃል ሲሆን የተጨመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ የበላይና የበታች የለውም፤ በተለያየ ምድብ የተቀመጡትን ስብከትና መዝሙር፣ ሁለቱም ስለ ፈውስ የሚናገሩ ከሆነ፣ በአንድ ገጽ ያገናኛል።

አሳቡ ግን ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ግጻዌ ለየዕለቱ የሚነበበውን መልእክት፣ ምስባክና ወንጌል፣ የሚቀደሰውንም ቅዳሴ የሚያመለክት መጽሐፍ ነው። የቂሣርያው አውሳብዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት አራቱን ወንጌላት በቁጥር ከፋፍሎ፣ አንድ ታሪክ በየትኛው ወንጌል በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ የሚያሳዩ ዐሥር ሰንጠረዦች አዘጋጅቷል። እነዚህ ሰንጠረዦች ዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት ጥንታዊ የብራና ወንጌሎች መግቢያ ላይ በሥዕል አጊጠው ይታያሉ። አምስቱ ሺህ ሰዎች የተመገቡበትን ታሪክ በማቴዎስ ያነበበ ሰው በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ያለውን በቁጥሩ ይደርስበታል።

ወደ ፊደላችን እንመለስ፤ ብዙው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነውና። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ይህም ትክክል ነው፤ በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ሲሆን «ሰረቀ» ሌባ የሚሠራው ነው። ኮምፒዩተሩ ግን በአማርኛ ድምፃቸው አንድ መሆኑን አያውቅም። «ዐቢይ ጾም» የሚለውን እንመልከት። የመጀመሪያው ፊደል ዐ፣ ዓ፣ አ ወይም ኣ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ጾ ደግሞ ፆ ሊሆን ይችላል። አራት ጊዜ ሁለት ስምንት ነው! «ሁዳዴ» የሚለውን የሚመርጥ ሲጨመርበት ዘጠኝ ይሆናል። ለእኛ አንድ የሆነው ጾም ለኮምፒዩተሩ ዘጠኝ ነገር ነው፤ ስብከቶቹም በዘጠኝ ቦታ ይበተናሉ።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቃላት ዝርዝር በወረቀት ላይ መዘጋጀት አለበት። የግእዙን አጻጻፍ የሚያውቁ መምህር ፊደሉን ያርሙ፤ ከዚያም የሚጭነው ሁሉ ከዝርዝሩ ይምረጥ እንጂ አዲስ ቃል ከራሱ አይጻፍ። በእኔ አስተያየት ስሕተት ያለበት አንድ አጻጻፍ እንኳ እያንዳንዱ ትክክል ከሆነ ብዙ አጻጻፍ ለፈላጊው ይሻላል፤ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ። ደግነቱ በዎርድፕረስ የአንዱ መለያ ቃል ስም ሲታረም በተለጠፈበት ሁሉ ይታረማል።

ሌላው ጉዳይ ቀን ነው። ፕሮግራሙ ጽሑፎችን በተጫኑበት ቀን ይደረድራል፤ ይህ ለማስታወቂያ ይበቃል። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ስለሚውል በቀኑም ቢፈለግ ይገኝ ይሆናል። ትንሣኤ ግን በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። በባሕረ ሐሳብ የሚወጣን በዓል በተጫነበት ቀን መፈለግ ከንቱ ድካም ስለሆነ የበዓሉ ስም ራሱ መለያ ይሁን።

እዚህ ላይ የራሴንም ስሕተት ልናገር። ወጣቶቹን ሳግዝ በጣም ስለተጋሁ ለአንዱ ስብከት ዐሥራ አምስት ያህል መለያ ቃል ሰጠሁ፤ «ውኃ»፣ «አልጋ»፣ «መልአክ» ሳይቀር። እያንዳንዱ መለያ ቃል የራሱን ገጽ ስለሚከፍት አንድ ጽሑፍ ብቻ ያለባቸው ብዙ ገጾች ተፈጠሩ። አንዲት ልጅ «መምህር፣ አልጋ ብሎ ስብከት የሚፈልግ ማን ነው?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ሰባኪው፣ በዓሉ፣ የወንጌሉ ክፍልና ዋናው አሳብ ይበቃሉ ብለን ተስማማን።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር ሊሞክሩት ይችላሉ። አንድ አጭር ታሪክ አንብቡላቸውና እያንዳንዱ ተማሪ፣ ከጓደኛው ሳይመለከት፣ ታሪኩን ነገ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቅበትን ሦስት ቃል ይጻፍ። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ቃላቱ እንደ ተጻፉ በሰሌዳ ላይ ይስፈሩ፤ በፊደል ብቻ የሚለያዩት ይከበቡ። ቀጥሎ የትኛው አጻጻፍ ይጽና በሚለው ላይ ተማሪዎቹ ይከራከሩ። አንድ ክፍለ ጊዜ ላይበቃ ስለሚችል ሁለት ቢያዝ ይመረጣል።