ዚርና የአውሮፕላን ሞተር

ሃቡብ ሲነሣ ካርቱም ውስጥ መስኮቱን የማይዘጋ የለም። በረራም ይዘገያል። አብራሪው አሻግሮ ማየት ስለማይችል ነው ብለን እንገምታለን፤ ልክ ነን። ነገር ግን አቧራው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ሌላ ጥፋት አለ።

የጄት ሞተር የጋዝ ተርባይን ነው። አየር ስቦ ይጨምቃል፣ ከነዳጅ ጋር ያቃጥላል፤ የጋለው ጋዝ ብሌድ የሚባሉትን ትናንሽ ክንፎች እየገፋ ያሽከረክራል። በዘመናዊ ሞተሮች የጋዙ ሙቀት ከ1500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ብሌዱ የተሠራበት የኒኬል ቅይጥ ግን 1400 ሳይሞላ መቅለጥ ይጀምራል። ታዲያ እንዴት ይተርፋል?

በየደጁ ያለውን ዚር ተመልከቱ። ውኃው የሚቀዘቅዘው የሸክላው ገላ ስለሚያልበው ነው። የብሌዱም ውስጥ ክፍት ነው፤ ከመጭመቂያው የመጣ አየር በውስጡ አልፎ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣና ገላውን እንደ ነጠላ ይሸፍነዋል። በላዩም የሴራሚክ ቅብ አለው። (ዚርን የሚያቀዘቅዘው የውኃው መትነን ስለሆነ ምሳሌው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ደግሞም ለብሌዱ “ቀዝቃዛ” የተባለው አየር እስከ 600 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል!)

የዚሩ ገላ በቆሻሻ ሲደፈን ውኃው እንደማይቀዘቅዝ እናቶቻችን ያውቃሉ። አቧራም የብሌዱን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሙቀቱ ከ1200 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ራሱ አቧራው ይቀልጥና እንደ መስታወት ተጣብቆ፣ ቅቡ ውስጥ ሰርጎ ይሰነጥቀዋል። የብሌዱ ሙቀት ከታሰበው በ30 ዲግሪ ያህል ቢበልጥ እንኳ ዕድሜው በግማሽ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ነው በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋለ አየር ውስጥ አሸዋና አመድ እየነዙ የት እንደሚጣበቅ የሚያጠኑት።

የእሳተ ገሞራ አመድም ጠባዩ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በኢንዶኔዥያ ሰማይ አመድ ውስጥ የገባ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበት ነበር፤ ደግነቱ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ተነሡለት። በእኛም አካባቢ በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ የናብሮ ተራራ ሲፈነዳ አመዱ በሱዳንና በኢትዮጵያ ሰማይ ተበትኖ በረራዎች ተሰርዘዋል። አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተንም ከታሰበው ቀን ቀድመው ሄዱ።

በኃይል ማመንጫ ያሉ የምድር ተርባይኖች በትልልቅ ማጣሪያዎች ይተነፍሳሉ። የመንገደኛ ጄት ግን እንዲህ ያለ ማጣሪያ ተሸክሞ አይበርም። መካኒኮች ሞተሩን በውኃ ያጥቡታል፣ ቀጭን ካሜራ አስገብተውም ብሌዶቹን ያያሉ። ቆሞ የሚያድር አውሮፕላንም የሞተሩ አፍ ልክ እንደ ዚሩ ይከደናል።