የሕግ ትምህርት ቤት ስም በእብናት ችሎት

የአንድ የሕግ ትምህርት ቤት ዝና ሲነሳ ብዙዎቻችን የምንቆጥረው የመምህራኑን ማዕረግ፣ የተቋሙን ዕድሜና የመውጫ ፈተና ውጤቱን ነው። ችሎት ለሚውል ሰው ግን ከእነዚህ የሚቀርብ ሚዛን አለ፤ የክስ ማመልከቻ። ለእብናት ወረዳ ፍርድ ቤት የሚቀርብ አንድ የመሬት ክስ እንውሰድ። ጎረቤቱ ድንበር ገፍቶ ያረሰበት ገበሬ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ይህን መብት ለባለይዞታው ይሰጠዋል፤ በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ግን ክሱ በይርጋ ይታገዳል። ማመልከቻው ሁከቱ የተፈጠረበትን ቀን ካልገለጸ፣ የመሬቱን አዋሳኞች ካልዘረዘረ፣ የሁከቱን ጥያቄ ከባለመብትነት ክርክር ጋር ከደባለቀ፣ ተከሳሹ ወዲያው መቃወሚያ ያነሳል። ገበሬው እውነት ይዞ በጽሑፍ ጉድለት ይረታል፤ ከዚያ ይግባኝ ብሎ ወደ ደብረ ታቦር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻውን የጻፈው የሕግ ምሩቅ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ያስተማረው ቤትም ይጠየቅበታል።

የአገራችን የሕግ ትምህርት ስም ያወጣው ከችሎት ጋር ተቆራኝቶ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ መምህራኑም አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከወጣ ገና 4 ዓመቱ ነበር፤ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ የማስተማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። ስለዚህ ጆርጅ ክሸቹኖቪች በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሮበርት ሴድለር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ ስታንሊ ፊሸር በወንጀል ሥነ ሥርዓት ላይ ራሳቸው ጻፉ። ፋኩልቲው ያሳተመው የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔትም የፍርድ ቤቶችን ውሳኔ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣ ነበር። በእኔ እምነት ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው። የዳኛው ብዕር ለተማሪው መማሪያ ሆነ።

ያ ዘመን ከውጭ በመጣ ገንዘብና ምሁር የቆመ ነው፤ ትናንት የተከፈተ ትምህርት ቤት በዚያ ሊለካ አይገባም የሚል ይኖራል። የገንዘቡ ነገር እውነት ነው። ውሳኔ ለማሰባሰብና በክፍል ውስጥ ለመተንተን ግን ፕሮፌሰርነት አይጠይቅም፤ እነዚያ መምህራን ለአገሩም ለቋንቋውም እንግዳ ሆነው ሠርተውታል። ሌላው መከራከሪያ የእንግሊዝኛ ነው፤ የዓለም የሕግ ዕውቀት በር ስለሆነ ማስተማሪያነቱ ይቀጥል ይባላል። ይቀጥል፤ ለምርምር ያስፈልጋል። ነገር ግን የክልላችን የአማራ ችሎት የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ የገጠር መሬት አዋጁ ቁጥር 252/2009ም የሚነበበው በአማርኛ ነው። ለ5 ዓመት «ፖሰሰሪ አክሽን» ሲል የቆየ ተማሪ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚያገኘው በደንበኛው ጉዳይ ላይ ከሆነ፣ የመማሪያውን ዋጋ የሚከፍለው ያ ደንበኛ ነው። የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላሉ፤ ሆኖም ማዕከሉ ደጅ ድረስ የሚመጣውን ባለጉዳይ ይረዳል እንጂ ሥርዓተ ትምህርቱን አይለውጥም።

በደብረ ታቦር፣ በጎንደርና በባሕር ዳር የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ውሳኔ ያገኙ የወረዳ መዝገቦችን ጠይቁ፤ የባለጉዳዮቹን ስም አስወግዳችሁ ለተማሪዎቻችሁ አከፋፍሉ፤ ማመልከቻውንም መልሱንም በአማርኛ አስጽፏቸው። መዝገቡ እብናት አለ።